አዲስ ለተመረጠ የጋራ ሕንፃ ኮሚቴ፦ መዋጮ፣ ጥበቃ፣ ፍሳሽና ቃለ ጉባኤ በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የጋራ ሕንፃ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስብሰባ ላይ ደፈር ብሎ የተናገረ ሰው ይጠቆማል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ይበተናል። ተመራጩ በሳምንቱ አንድ ማኅተም፣ ግማሹ ያለቀ የደረሰኝ ጥራዝና «እገሌ እኮ ሁለት ዓመት አልከፈለም» የሚል ወሬ ይረከባል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር በጽሑፍ ያልተወሰነ መዋጮ ዕዳ እንደማይሆን ነው። ማኅበር ችሎት ፊት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሕግ አጥቶ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ አጥቶ ነው።

በመጀመሪያ ማኅበራችሁ ምን እንደሆነ ለዩ። ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ማለትም የዕድር መዋጮ፣ የማይከፍል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማንም ሳይጠይቀው ይከፍላል፤ ሐዘን የደረሰበት ዕለት ሰው እንደሚያስፈልገው ያውቃልና። ታዲያ የሕንፃ መዋጮንም እንደ ቅሬ የሚያየው ብዙ ነው፤ ሲያኮርፍ «ከማኅበሩ ወጥቻለሁ» ይላል። ይህ አይሠራም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር አባል የሚኮነው ቤቱን በመያዝ ብቻ ነው፣ መውጫውም ቤቱን መሸጥ ነው። የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበርም ሌላ ነው፤ እሱ ቦታ ተረክቦ ቤት ለመሥራት የሚቋቋም ሲሆን የሚተዳደረው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ቤቱ አልቆ ካርታው በየስሙ ከወጣ በኋላ የዚያን ማኅበር ማኅተም ይዞ የጥበቃ መዋጮ መሰብሰብ፣ ነገር ሲመጣ «አንተ ማን ነህ?» ያስብላል።

ለጋራ ሕንፃ የሕጉ መነሻ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። የሚለው በአጭሩ፣ አንድ ባለቤት የራሱን ቤት ለብቻው፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ መሠረቱን፣ ግቢውንና የፍሳሽ መስመሩን ደግሞ ከሌሎች ጋር በድርሻው ይይዛል፤ ለጋራው የሚወጣውን ወጪም በድርሻው ይከፍላል፤ ማኅበሩም ሲመዘገብ በራሱ ስም የሚከስና የሚከሰስ ሕጋዊ ሰው ይሆናል። ክልሉና ከተማው የሚሠሩበትን ደንብና መመሪያ ቤቶችን ከሚመለከተው የከተማ አስተዳደሩ ክፍል ኮፒውን ውሰዱ። በቃል የተነገራችሁን አትያዙ፤ ሠራተኛው ነገ ይዛወራል። አብራችሁ የማኅበሩን የምዝገባ ወረቀት፣ የጸደቀውን መተዳደሪያ ደንብ፣ የእያንዳንዱ ቤት ስፋትና ድርሻ የተጻፈበትን መግለጫና የሕንፃውን ፕላን ጠይቁ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላውን ሥራ አቁማችሁ እሱን ፈልጉ። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተማ ቢሮ ሲዘረፍ አይቷል፤ ስለዚህ ዋናው በአንድ ሰው እጅ፣ ፎቶ ኮፒው በሌላ ሰው ቤት፣ የስልክ ፎቶው ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ይቀመጥ።

መዋጮ እንዴት ይሰላል

በቤት ቁጥር እኩል ማካፈል ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፣ ግን ጠብ ያመጣል። ለምሳሌ 30 ቤት ያለው ሕንፃ ጠቅላላ የቤት ስፋቱ 1,500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የወሩ ወጪ፣ ማለትም ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የደረጃ መብራት፣ የፓምፕ መብራትና የጥገና ቁጠባ ተደምሮ 30,000 ብር ከሆነ፣ በካሬ 20 ብር ይደርሳል። ባለ 24 ካሬው ስቱዲዮ 480 ብር፣ ባለ 75 ካሬው ባለ ሦስት መኝታ 1,500 ብር ይከፍላል። እኩል ቢካፈል ኖሮ ሁለቱም 1,000 ብር ይከፍሉ ነበር፤ የስቱዲዮው ሰው በየስብሰባው ለምን እንደሚጮኽ ከዚህ ይገባችኋል። መግለጫው ላይ የተጻፈ ድርሻ ካለ ግን የራሳችሁን ስሌት ተዉትና በሱ ሂዱ።

ምድር ላይ ያለው ሱቅ «እኔ ደረጃ አልወጣም፣ የደረጃ አምፖል ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። አራተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ «ግቢው ውስጥ መኪና የለኝም» ይላል። መልሱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ የጋራው የጋራ ነው፣ አልተጠቀምኩም ማለት ከክፍያ አያወጣም። ጣሪያው ሲያፈስ የሱቁ ሰው አይረጥብም፣ ፍሳሹ ሲሞላ ግን መጀመሪያ የሚሸተው እሱን ነው። ይህን በለሰለሰ አፍ አንድ ጊዜ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከደንቡ ጋር ይሁን።

ውሃ ግን በካሬ አይከፋፈልም። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ በፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ልጆች ስቱዲዮ ለሦስት ለአራት ይከራያሉ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት አዛውንት ብቻ ይኖራሉ። መፍትሔው በየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ዋናው ቆጣሪ በወር 420 ሜትር ኩብ ቢያነብና የየቤቱ ድምር 371 ቢሆን ልዩነቱ 49 ነው፤ 11.7 በመቶ ማለት ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ወደ ማካፈል አትሩጡ፣ ውሃ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። ሌሊት ሰው ሲተኛ የየቤቱን ጌት ቫልቭ ዝጉና የዋናው ቆጣሪ ትንሿ ኮከብ ትዞር እንደሆነ እዩ። ከዞረች በመካከል ያለው ቧንቧ ይፈሳል። ካልዞረች ደግሞ ከቆጣሪዎቹ አንዱ አሳስቶ እያነበበ ነው፣ ወይም አንዱ ቤት ከቆጣሪው በፊት ቀጥሏል፤ ሁለተኛው በብዛት ያጋጥማል። ሌላም ነገር አለ፦ ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው የሚጨምር ከሆነ፣ ሕንፃው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ መጠቀሙ እያንዳንዱን በከፍተኛው እርከን ያስከፍላል። የውሃ አገልግሎቱን በየቤቱ ደንበኝነት እንዲሰጥ መጠየቅ የመጀመሪያው ወጪ ቢበዛም ያዋጣል።

ያልከፈለ ሰው

ኮሚቴ ሲመረው የሚሠራው ትልቁ ስህተት የባለዕዳውን ውሃ ወይም መብራት መቁረጥ ነው። ከቆረጣችሁ ባለዕዳው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳችኋል፣ ያን ጊዜ ከሳሽ እሱ፣ ተከሳሽ እናንተ ትሆናላችሁ። ዕዳው ይረሳል። ስሙን በር ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ የሚያመጣው ገንዘብ የለም፣ የሚያመጣው ቂም ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሰልቺ ነው። መጀመሪያ የዕዳውን ዝርዝር ከሒሳብ መዝገብ በወር በወር አውጡ። ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ግዴታው አልተፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። ደብዳቤው ላይ የቤት ቁጥር፣ የዕዳው መጠን ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ፣ መዋጮው የተወሰነበት ጉባኤ ቀን፣ የመክፈያ ቀነ ገደብና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይኑር። በሁለት ኮፒ ይሠራና አንዱ ላይ ያስፈርሙታል። አልፈርምም ካለ ሁለት እማኞች «ስንሰጠው አልቀበልም ብሏል» ብለው ከነቀኑ ይፈርሙ፣ በአደራ ፖስታም ይላክ። በቴሌግራም ግሩፕ የተጻፈ ማስታወቂያ ደንባችሁ ካልተቀበለው በስተቀር ብዙ አትመኩበት።

የኛ አካባቢ አንድ ችግር አለው፦ ብዙው ባለቤት ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ወይም እኅቱ ናት። ተከራዩ የማኅበሩ ባለዕዳ አይደለም፤ ባለዕዳው ባለቤቱ ነው። ተከራዩ እከፍላለሁ ካለ ተቀበሉት፣ ደረሰኙ ግን በቤት ቁጥሩና በባለቤቱ ስም ይቆረጥ። ደንቡ ውስጥ ሁሉም ባለቤት የአገር ውስጥ ተጠሪ ስምና ስልክ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ። ስብሰባ ላይ «እሷን ወክዬ ነው» የሚል ሲመጣ ውክልናውን አንብቡት። ቤት ለማከራየት የተሰጠ ውክልና ድምፅ ለመስጠት ላይበቃ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የተሻረ ውሳኔ ሁሉንም ሥራ ወደ ኋላ ይመልሳል።

ክስ ላይ የምታያይዙት የማኅበሩ የምዝገባ ወረቀት፣ ደንቡ፣ ኮሚቴው የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ፣ መዋጮው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣ ክስ እንዲመሠረት የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ ዝርዝሩና ማስጠንቀቂያው ነው። ከሰባቱ ሦስቱ ቃለ ጉባኤ መሆናቸውን ልብ በሉ። በገንዘቡ መጠን የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ፋይል መክፈቻው ላይ ጠይቃችሁ ግቡ። ወለድን በተመለከተ ደንቡ ዝም ካለ ሕጋዊው ወለድ በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው። 1,200 ብር የሚከፍል ሰው 18 ወር ቢያጓድል ዕዳው 21,600 ብር ይሆናል፤ የዓመት ወለዱ 1,944 ብር ብቻ ነው። ይህ ማንንም አያስደነግጥም፤ መጠነኛ የመቀጫ አንቀጽ ደንቡ ውስጥ ቀድሞ መግባት ያለበት ለዚህ ነው። ከተጓደለ በኋላ የተወሰነ መቀጫ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይያዝም፣ አትሞክሩት።

ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ በሰብሳቢውና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ይውጣ። በገንዘብ ያዡ የግል ቴሌብር መሰብሰብ የትም ያለ ልማድ ነው፤ ሰውየው የታመነ ቢሆን እንኳ ስልኩ ሲጠፋ፣ እሱም ሲታመም ወይም ሲሞት ገንዘቡ የውርስ ክርክር ውስጥ ይገባል። ከፋዩ ባንክ ሲያስገባ ምክንያቱ ላይ የቤት ቁጥርና ወር ይጻፍ፤ «መዋጮ» ብቻ የሚል 1,200 ብር የማን እንደሆነ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያውቀውም።

ጥበቃ ስትቀጥሩ አሠሪ ሆናችኋል

ይህን ኮሚቴዎች የሚያውቁት ጥበቃው ከሥራ ሲሰናበትና ሲከስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። አንድ ጥበቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ቢያድር 84 ሰዓት ሠራ። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት ስለማይበልጥ የሁለቱን ድምር፣ 60 ሰዓትን፣ አልፏል፤ ማለትም ትርፉን ብትከፍሉት እንኳ አደረጃጀቱ ራሱ ከሕግ ውጪ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በመደበኛው 1.75 እጥፍ፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይታሰባል። የአንድ ሰው ደመወዝ የቆጠበ መስሎት አንድ ጥበቃ የያዘ ማኅበር በየወሩ ያልጻፈው ዕዳ ያከማቻል። ሌሊት ብቻ ከሆነ ሁለት ሰው በየተራ ሲያድር በአማካይ 42 ሰዓት ይደርሳቸዋል። ቀንና ሌሊት ከሆነ 168ን ለ48 አካፍሉት፣ 3.5 ይመጣል፣ አራት ሰው ማለት ነው። አቅም ከሌለ ከጎረቤት ብሎክ ጋር አንድ በር መጠቀም ይሻላል።

ጡረታውንም አትርሱ፦ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። ደመወዙ 5,000 ብር ቢሆን ማኅበሩ ከኪሱ 550 ብር፣ ከሠራተኛው ቀንሶ 350 ብር ያስገባል። ይህ 550 ብር በጀት ውስጥ ካልተያዘ በየወሩ ይጎድላችኋል። ቅጥሩ በጽሑፍ ይሁን፣ ፈረቃው ይጻፍበት፣ ዕረፍት ሲወጣም መዝገብ ላይ ይፈረም።

ጣሪያ፣ ፍሳሽና የድጋፍ ግንብ

ደሴ በጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ ክረምቷ የሚከብድ ከተማ ናት፤ የጥገና ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። በካሬ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 300 ካሬ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 12,000 ሊትር ወደ አሸንዳው ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ከተደፈነ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለስና ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ቀለሙን ያነሳል፤ ሰዉም «ኮርኒሱ ነው» ብሎ ኮርኒስ ያስቀይራል። አሸንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠረግ፦ ከበልግ በፊት ጥር ላይና ከክረምት በፊት ሰኔ መግቢያ ላይ። ያን ዕለት የቆርቆሮው ብሎኖች ጎማ ማድረቁንም እዩ፤ ጎማው ሲሰነጠቅ ቆርቆሮው ደህና ሆኖ ያፈሳል።

የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ ከሴፕቲክ ታንክ መስመር ጋር ተቀጥሎ የሚገኝባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም። ያ 12,000 ሊትር ታንኩ ውስጥ ሲገባ ደለሉን አናውጦ ወደ ምድር ቤቱ መጸዳጃ ይመልሰዋል። ኮሚቴው ግን «ታንኩ አነሰ» ብሎ በየሁለት ወሩ መጣጭ መኪና ይጠራል። ለማወቅ ዝናብ በሌለበት ቀን አንዱን መውረጃ በባልዲ ውሃ ሞልቶ ማንሆሉን ከፍቶ ማየት ይበቃል። የዝናብ ውሃው ተለይቶ ወደ ዲች ይውጣ፤ በታች ወዳለው ሰው ግቢ ግን አትልቀቁት፣ ያ ሌላ ክስ ነው። የታንኩን መሙላት በግምት አትወስኑ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አውጡት፤ ጥቁር የያዘው ቁመት የደለሉ ነው። የፈሳሹ ጥልቀት 180 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ደለሉ 60 ከደረሰ ማስመጠጫው ጊዜ ነው። ማንም ሰው በምንም ምክንያት ታንኩ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጋዙ አንዱን ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይደግማል።

ከግቢው በላይ ወይም በታች ያለው የድጋፍ ግንብ ላይ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉ። ለውበት ተብሎ በሲሚንቶ ይደፈናሉ፣ ወይም በላያቸው ቆሻሻ ይጣላል። ውሃው ከኋላ ሲጠራቀም ግንቡን የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይሆንም፤ ሆዱ ወደ ፊት ማበጥ ይጀምራል። ስንጥቅ ካያችሁ ጄሶ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ እየሄደ ነው፣ መሐንዲስ ጥሩ። ይህን ችላ ማለት ገንዘብ ብቻ አያስከፍልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ያለ ጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ ያደርጋል። የጋራው ክፍል ባለቤት ደግሞ ሁላችሁም ናችሁ፤ በንፋስ ተነቅሎ መኪና ላይ የወደቀ ቆርቆሮም እንደዚያው።

ቤት ስለመለወጥ ብዙ አልጽፍም። ምሰሶና ቢም አይነካም፣ ግድግዳ ለማፍረስ ወይም ሱቅ ለመክፈት የግንባታ ፈቃድና የማኅበሩ ስምምነት ይቅደም። ሮቶ ግን ይረሳል፦ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፣ ፕላኑ ላይ ካልታሰበ ጣሪያ ላይ አይቀመጥም።

ስብሰባው

ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ ሰኞ ደግሞ የደሴ ገበያ ነው። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአብዛኛው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ረመዳን ላይ ከማፍጠሪያው በፊት እንዲያልቅ አድርጋችሁ ጥሩ። የጋራ መገልገያው ቤት የማን ቀን እንደሆነ፣ ለዐረፋና ለፋሲካ እርድ ማን መቼ እንደሚጠቀምበት፣ ለሰርግ ሲከራይ ስንት እንደሚከፈል ቀድሞ ተወስኖ ይጻፍ። ሐጂ እገሌና እማሆይ እገሊት በመከባበር የፈቱት ነገር ልጆቻቸው ዘንድ ጠብ ይሆናል።

ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ያሉት ቤቶች ብዛት፣ በአካል የመጡና በውክልና የቀረቡ ተለይተው፣ አጀንዳ፣ ውሳኔው በቁጥር፣ የደገፈ፣ የተቃወመና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ ይገለጽ። «ስለ መዋጮ ተወያይተን ተስማማን» የሚል ጽሑፍ ለዳኛ ምንም አይደለም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ከመስከረም 1 ጀምሮ መዋጮው በካሬ ሜትር 20 ብር እንዲሆን፣ በየወሩ እስከ 10ኛው ቀን በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ፣ በ22 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ ተወስኗል።» የመገኛ ፊርማው የቤት ቁጥር ይኑረውና ከቃለ ጉባኤው ጋር ይሰፋ። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ «ያለነው እንወስን» አይባልም፤ አለመሙላቱ ይጻፋል፣ ደንቡ በሚለው መሠረት ሁለተኛ ጥሪ ይወጣል።

ኮሚቴ ሲለወጥ ርክክቡ በዝርዝር ይፈረም፦ ማኅተም፣ ቼክ፣ ያለቀና ያላለቀ ደረሰኝ ከነተራ ቁጥሩ፣ የባንክ መግለጫ፣ የቆጣሪ ቁጥሮች፣ ቁልፎች፣ የቅጥር ውሎች፣ ያልተከፈለ ዕዳ። አሮጌው ኮሚቴ ማኅተም አልሰጥም ካለ ሌላ ማኅተም ከማስቀረጻችሁ በፊት የምርጫውን ቃለ ጉባኤ ለመዘገባችሁ ክፍልና ለባንኩ በደብዳቤ አስገቡ፤ ሁለት ማኅተም ያለው ማኅበር ሒሳቡ የመታገድ ዕጣ አለው።

ቤት ሲሸጥም ማኅበሩ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ይስጥ። ገዢ ከሆናችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ ጠይቁ። ኮሚቴ ከሆናችሁ ደግሞ ደብዳቤው ላይ «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚል ቀን አስገቡ፣ ያልተነበበ የውሃ ቆጣሪ ካለም ንባቡን በዚያው ዕለት ወስዳችሁ ቁጥሩን ጻፉበት።